ለማይግሬን "ማግኒዥየም ላኩልኝ"፦ የትኛው ሰፕሊመንት ይሰራል፣ እንዴትስ ሲወሰድ ነው ሚሰራው

ድሮ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ሚሄድ ሰው ሻንጣ ላይ ሚታዘዘው አድቪልና ታይሌኖል ነበር፣ አሁን አሁን ግን "ማግኒዥየም ይዘህልኝ ና፣ ለማይግሬን ፍቱን ነው ብለውኛል" የሚል ነገር በየቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ እየበዛ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። በወር አራት አምስት ቀን መጋረጃ ዘግቶ ተኝቶ የሚውል ሰው የተባለውን ሁሉ ቢሞክር ማንም ሊፈርድበት አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ከብልቃጡ ጋር አብሮ የማይላከው ነገር ነው፦ ስንት ሚሊግራም፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ጋር አይወሰድም፣ ካልሰራስ መቼ ነው ሚቆመው። ይሄ ሳይታወቅ ብልቃጡ ብቻውን ሲደርስ ሰዉ ራሱን ሲያመው ሁለት ፍሬ ይውጣል፣ አይለቀውም፣ "ዝም ብሎ ወሬ ነው" ብሎ ኮመዲኖ ውስጥ ይወረውረዋል። ያ ሰው እኮ ሰፕሊመንቱን አልሞከረውም።

ማግኒዥየምም ሆነ ሌሎቹ ለማይግሬን ሚወሰዱ ሰፕሊመንቶች (በክኒን መልክ ሚሸጡ ቫይታሚኖች፣ ማዕድኖችና ዕፆች) የሚሰሩት በመከላከል በኩል ስለሆነ ነው። የጀመረን ህመም አያስታግሱም፣ አመመኝ ተብሎ ሚዋጡ አደሉም። አመመም አላመመም በየቀኑ ተወስደው ከሁለት ሶስት ወር በኋላ በወር ውስጥ ያለው የህመም ቀን ቀነሰ ወይ ተብሎ ነው ሚለኩት። (ሆስፒታል ውስጥ በደም ስር የሚሰጥ ማግኒዥየም አለ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሀኪም እጅ ብቻ ሚሆን ነገር ነው።)

ማይግሬን ሚባለው ብዙ ጊዜ የራስን አንድ ጎን ይዞ ድው ድው እያለ የሚመታ፣ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ የሚችል፣ ማቅለሽለሽ ያለው፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ህመም ነው፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ህመሙ ከመጀመሩ በፊት አይኑ ላይ ብልጭልጭ ወይ የተሰባበረ መስመር ይመጣበታል፣ ኦራ ይሉታል። እኛ ጋር ራስ ፍልጠት ሲባል፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽበት የኖረ ህመም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ለቤት ተሰርቶ በ2016 የታተመ ጥናት (እዚህ ያሉት አመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) 17.7 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች በአመቱ ውስጥ ማይግሬን እንደነበራቸው አሳይቷል። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። በአለም ደረጃ ደግሞ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሶስት እጥፍ ያጠቃል። ስለዚህ "ራሴን አመመኝ" ያለችን ሴት "ሁሌም እሷን እንዳመማት ነው" ብሎ ማለፍ በሽታውን አለማወቅ ነው፣ እውነት ለመናገር በጣም የሚያናድደኝ ነገርም እሱ ነው።

ቫይታሚንና ማዕድን ከዚህ ህመም ጋር ምን አገናኛቸው? የማይግሬን አእምሮ በትንሹ ሚነሳሳ አእምሮ ነው፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ የምግብ ሰዓት ማለፍ፣ የወር አበባ ሆርሞን መውረድ፣ ጠንካራ ሽታ፣ ሌላው ሰው የማይሰማው ነገር እሱን ያስነሳዋል። ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአእምሮ ሴሎች ሀይል የሚያመርቱበት ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያ ሚባለው፣ በነዚህ ሰዎች ላይ እንደሚገባው አለመስራቱ ነው። ቫይታሚን ቢ2 (ሪቦፍላቪን) እና ኮኤንዛይም ኪው10 በዚህ የሀይል ምርት ውስጥ ቀጥታ ስራ አላቸው። ማግኒዥየም ደግሞ የነርቭ ሴሎች ከመጠን በላይ እንዳይነሳሱ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ነው፣ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ላይ መጠኑ በአማካይ ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶችም አሉ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው "ደሜን ተመርምሬ ማግኒዥየምህ ኖርማል ነው ተባልኩ" ይላል፣ ግን ሰውነት ውስጥ ካለው ማግኒዥየም በደም ፈሳሹ ውስጥ ሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ቀሪው አጥንትና ሴል ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ያ ምርመራ ብቻውን ብዙ ሚነግረን ነገር የለም።

ከሁሉም እኔ ቢ2ን ነው ማስቀድመው። በ1998 ቤልጂየም ውስጥ 55 ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ግማሾቹ በቀን 400 ሚሊግራም ሪቦፍላቪን ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ለሶስት ወር ወሰዱ፣ ሪቦፍላቪን ከወሰዱት 59 በመቶው የህመም ቀናቸው በግማሽ ወይ ከዚያ በላይ ቀነሰላቸው፣ ከአምሳያው ወሳጆች ግን ይሄን ያገኙት 15 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያንን መደበቅ አይገባም፣ 55 ሰው ማለት አንድ የሰርግ ድንኳን እንኳን አይሞላም። ቢሆንም ውጤቱ ትልቅ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጉዳቱም በጣም ጥቂት ነው። ሽንት ደማቅ ቢጫ ያደርጋል፣ ሳያውቅ ያየ ሰው ሊደነግጥ ይችላል ግን ትርፉ ቫይታሚን እየወጣ ነው እንጂ ሌላ ነገር አደለም። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር ሰው በቀን ሚያስፈልገው ቢ2 ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ ለማይግሬን የተሞከረው ደግሞ 400፣ ከ300 እጥፍ በላይ። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት የተገዛ መልቲቫይታሚን ውስጥ ያለችው ቢ2 ለዚህ ስራ አትደርስም፣ "ቫይታሚን እየወሰድኩ ነው ግን ለውጥ የለውም" ሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው ሚመጣው።

ማግኒዥየም ላይ ማስረጃው የተቀላቀለ ነው። በ1996 ጀርመን ውስጥ 81 ሰዎች ላይ በቀን 600 ሚሊግራም ንፁህ ማግኒዥየም፣ ሲትሬት በሚባለው አይነት፣ ተሞክሮ ከ9ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ህመሙ የሚመጣበት ብዛት በ41.6 በመቶ ቀንሷል፣ በአምሳያው በኩል 15.8 በመቶ። በዛው አመት ግን ሌላ የማግኒዥየም አይነት 69 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከአምሳያው ምንም ሳይሻል ቀርቷል። እንግዲህ ይሄን ሁለቱን አንድ ላይ ነው መያዝ ያለብን፣ ደስ ያለንን ብቻ መርጠን አደለም። በአሜሪካ የነርቭ ህክምና አካዳሚ የ2012 መመሪያ ማግኒዥየምና ቢ2 "ሳይጠቅሙ አይቀሩም" በሚለው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጡት፣ እኔም ሚዛናዊ ፍርድ ይመስለኛል።

ማግኒዥየም ሲገዛ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ሌብሉ ላይ ነው። ብልቃጡ ፊት ለፊት በትልቁ "ማግኒዥየም ግላይሲኔት 1000 ሚሊግራም" ይላል እንበል። ይሄ 1000 የውሁዱ ክብደት ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ያለው ንፁህ ማግኒዥየም ግን ወደ 140 ነው፣ ምክንያቱም ግላይሲኔት ላይ 14 በመቶ አካባቢው ብቻ ነው ማግኒዥየም። ሲትሬት ወደ 16 በመቶ ነው፣ ኦክሳይድ ደግሞ 60። ብልቃጡን ገልበጥ አድርጋችሁ ከጀርባ ያለችውን ሰንጠረዥ ስታዩ "ሰርቪንግ ሳይዝ" ሚል አለ፣ ሶስት ወይ አራት ካፕሱል ሊል ይችላል፣ የተፃፈው ቁጥር ለሶስቱ ወይ ለአራቱ በአንድ ላይ ነው እንጂ ለአንዷ ፍሬ አደለም። ስለዚህ እናታችሁ አዲስ አበባ ሆና በቀን አንድ ፍሬ እየዋጠች 400 የወሰደች ሲመስላት 100 እየወሰደች ይሆናል። ኦክሳይድ ርካሽና በብዛት ያለ ነው ግን ብዙው ሳይዋሃድ ያልፋል፣ ሆድም ያስኬዳል፤ ጀርመን የተሰራው ጥናት ላይ እንኳን በሲትሬት ወደ 19 በመቶው ተቅማጥ ይዟቸዋል። ሆድ ካስቸገረ መጠኑን ቀንሶ ከምግብ ጋር ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በአሜሪካ ከሰፕሊመንት ብቻ ያለ ሀኪም ክትትል እንዳይታለፍ ተብሎ የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 350 ሚሊግራም ነው፣ ለማይግሬን ሚሞከረው ከዚያ በላይ ስለሚሄድ ሀኪም ማወቅ አለበት ሚባለው ለወጉ አደለም። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ማግኒዥየምን በራሱ ውሳኔ ፈፅሞ መጀመር የለበትም፣ ኩላሊት ካላስወጣው ደም ውስጥ ይከማቻል፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ እስከማወክ ይደርሳል። ስኳርና ደም ግፊት ለረጅም ጊዜ የኖረባቸው እናትና አባቶቻችን ኩላሊታቸው መጎዳቱን ሳያውቁ ሊኖሩ ስለሚችሉ ከመላካችን በፊት የኩላሊት ምርመራ አድርገው እንደሆነ እንጠይቅ። የታይሮይድ ክኒን ወይ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮች ሚወስድም ከማግኒዥየሙ ጋር በሰዓታት ማራራቅ አለበት፣ አብሮ ከተዋጠ ማግኒዥየሙ መድኃኒቱን ይዞት ያልፋል።

ኪው10 ላይ በ2005 የወጣ 42 ሰዎች ያሉበት ጥናት አለ፣ በቀን 300 ሚሊግራም፣ 47.6 በመቶው በግማሽ ቀነሰላቸው ከአምሳያው 14.4 በመቶ ጋር ሲነፃፀር። ጥሩ ነው ግን ውድ ነው፣ ዋርፋሪን ሚባለውን ደም ማቅጠኛ ሚወስድ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ሀይል ሊቀንስበት ስለሚችል መጠንቀቅ አለበት። ሜላቶኒን 3 ሚሊግራም ማታ ማታ ብራዚል ውስጥ ተሞክሮ አሚትሪፕቲሊን ከሚባለው በሀኪም የሚታዘዝ የማይግሬን መከላከያ እኩል ሰርቷል፣ ኖርዌይ ውስጥ 2 ሚሊግራም ሲሞከር ግን ከአምሳያው አልተለየም፤ እንቅልፍ ለተዛባበት ሰው ሊታሰብ ይችላል ከማለት በላይ አልሄድም። ፊቨርፊው ሚባለው ቅጠል መጠነኛ ጥቅም አለው ግን ማህፀን ሊያኮማትር ስለሚችል እርጉዝ ሴት አትነካውም።

ከዚህ ሁሉ ረጋ ብለን ማየት ያለብን በተርበር ሚባለውን ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። በ2004 የታተመ 245 ሰዎች ያሉበት ጥናት ላይ በቀን ሁለቴ 75 ሚሊግራም የወሰዱት ሰዎች ህመማቸው በ48 በመቶ ቀነሰ፣ አምሳያውን የወሰዱት በ26። ከሰፕሊመንቶች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ የነበረው እሱ ነው። ቅድም ያልኩት የ2012 መመሪያ ላይም ቢ2ና ማግኒዥየም ሁለተኛ ደረጃ ሲሰጣቸው በተርበር አንደኛ ደረጃ ነው ያገኘው። ከዛስ? ተክሉ ውስጥ ጉበት ሚመርዙ ኬሚካሎች አሉ፣ ፋብሪካዎች እናወጣቸዋለን ይላሉ፣ ግን ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ሪፖርት እየመጣ ሄደ፣ ንቅለ ተከላ እስከሚያስፈልግ ድረስ የደረሰባቸው ነበሩ፣ በመጨረሻ አካዳሚው በ2015 መመሪያውን ከነጭራሹ አነሳው። ይሄን ያህል ያተትኩበት ያንን የተነሳ መመሪያ ጠቅሰው እስካሁን አንደኛ ነው እያሉ በተርበርን ሚያስተዋውቁ ቪድዮዎች ስለሚዞሩና "ከዕፅ የተሰራ ስለሆነ አይጎዳም" ሚለው እምነት እኛ ውስጥ በጣም ስር የሰደደ ስለሆነ ነው። ኮሶ ጠጥቶ የሞተ፣ አይኑ የጠፋ ሰው ታሪክ ያለበት አገር ሆነን ዕፅ አይጎዳም ማለት አንችልም። በተርበር ከሆነ አትግዙት፣ የላከላችሁ ካለም አትውሰዱት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ህግ መሰረት ሰፕሊመንት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት በኤፍዲኤ (የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) አይፈቀድም፣ ይሰራል ወይ ተብሎም አይፈተሽም። "የአሜሪካ ዕቃ ነው" ማለት ተፈትሿል ማለት አደለም። ብልቃጡ ላይ ዩኤስፒ ወይ ኤንኤስኤፍ ሚል የገለልተኛ መርማሪ ማህተም ካለው ቢያንስ የተፃፈው ነገር ውስጡ እንዳለ የተረጋገጠ ነው። ማህተሙ ይሰራል አይልም፣ ያለውን ነው ያለው ይላል። የምትልኩ ሰዎች አምስት ዶላር ጨምራችሁም ቢሆን ይሄ ያለበትን ምረጡ።

አሁን ወደኛ ሰው ኑሮ ልምጣ። ፆምና ማይግሬን ብዙ ምዕመን ሚቸገርበት ጉዳይ ነው። ረሀብ፣ ውሃ መቀነስና ጠዋት የለመዱትን ቡና መተው ሶስቱም ማይግሬን አስነሺ ናቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሚፆም ኦርቶዶክስም ረመዳን ሚፆም ሙስሊምም ሶስቱን ባንድ ላይ ነው ሚያገኛቸው። እስራኤል ውስጥ በዮም ኪፑር ፆም ላይ የሚመጣው ራስ ምታት ራሱን ችሎ ተጠንቷል። ሰፕሊመንት ይሄን አያካክስም። ከፆሙ ሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት ቡናውን ከሶስት ስኒ ወደ ሁለት፣ ከዛ ወደ አንድ እያሉ መቀነስ ይረዳል፣ ድንገት መቁረጥ ግን ራሱን የቻለ ራስ ምታት ያመጣል። በሌላ በኩል የፆም ምግባችን በማግኒዥየም ድሃ አደለም፣ 100 ግራም ጥሬ ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም አለው፣ የዱባ ፍሬ ከ500 በላይ፣ ሰሊጥም፣ ባቄላና ሽምብራም አሉ፣ የእንጀራው ሊጥ መቡካቱም ማዕድኑ እንዲዋሃድ ያግዛል። በፆም ወራት ሚጎድለው ይልቅ ቢ2 ነው፣ ዋና ምንጮቹ ወተት፣ እንቁላልና ስጋ ስለሆኑ። በምግብ ብቻ 400 ሚሊግራም ቢ2 ማግኘት ፍስክም ቢሆን አይታሰብም፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ግን መሰረቱ እንዳይጎድል ማሰብ ጥሩ ነው። አንድ ደግሞ ሰው ሚረሳው፦ ብዙ ካፕሱል ሽፋኑ ጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ከከብት ወይ ከአሳማ ነው ሚሰራው። ለሚፆም ሰው፣ ለሙስሊም፣ ኮሸር ለሚጠብቁ ቤተ እስራኤል ዘመዶቻችን ስትልኩ "ቬጅቴሪያን ካፕሱል" ሚለውን ወይ ጠፍጣፋ ክኒኑን ፈልጉ።

ሰፕሊመንቱ እንዳይሰራ ከሚያደርጉት ነገሮች ትልቁ ደግሞ ማስታገሻ ማብዛት ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይ ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ኤክሰድሪን ያለ ቅይጥ ማስታገሻ ወይ ትሪፕታን (ለማይግሬን ተብሎ የተሰራ ማስታገሻ) ወይ ትራማዶል ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ እየተወሰደ ከሶስት ወር ካለፈ መድኃኒቱ ራሱ የራስ ምታት ምንጭ ይሆናል። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሰራ እህታችን እረፍት ጠይቃ ስለማታገኝ በየቀኑ ፓናዶል እየዋጠች ስራዋን ትጨርሳለች፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ማግኒዥየም ብትጨምርበት ለውጥ የማታየው ማግኒዥየሙ መጥፎ ሆኖ አደለም። መጀመሪያ ማስታገሻው መቀነስ አለበት፣ እሱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ህመሙን ያባብሳል፣ ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ቢሆን ነው ሚሻለው።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው እኔ ሚመስለኝ አካሄድ ይሄ ነው። ከመጀመሩ በፊት አንድ ወር በደብተር ወይ በስልክ ይመዝገብ፦ ያመመበት ቀን፣ ህመሙ ከ10 ስንት፣ ምን ማስታገሻ ወሰደ፣ ሴት ከሆነች የወር አበባ ቀን፣ እንቅልፍ፣ የተዘለለ ምግብ። ከዛ አንድ ነገር ብቻ ይጀመር፣ ቢ2 400 ወይ ማግኒዥየም፣ ሶስት አራት ነገር ባንድ ቀን ከተጀመረ ቢሻልም የቱ እንደሰራ አይታወቅም ቢያስቀምጥም የቱ እንዳስቀመጠ አይታወቅም። ሶስት ወር ሙሉ በየቀኑ። ምዝገባው ይቀጥል። በወር 8 ቀን የነበረው 4 ከሆነ ሰርቷል፣ 7 ከሆነ ብዙም አልሰራም፣ ይቁም፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል። ያ ደብተር ሀኪም ጋር ሲኬድም ከምንም ወሬ በላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያለው ዶክተር እንኳን በአንድ ገፅ ሁሉን ያየዋል።

ሀኪም ጋር መሄድ ደግሞ ሰፕሊመንቱ ካልሰራ በኋላ ብቻ ሚመጣ ነገር መሆን የለበትም። ማይግሬን ነው ያለው ማነው? ሳይነስ ነው፣ ደም ግፊት ነው፣ የአይን ነው እየተባለ አመታት ሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ሚያመው ሰው በሀኪም የሚታዘዙ መከላከያዎች አሉለት፣ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የቆዩ፣ ርካሽና ኢትዮጵያ ውስጥም ያሉ ናቸው (ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም)። ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት ግን ፅንስ ሚጎዱ ስለሆኑ ልትወልድ ያሰበች ሴት ይሄንን ለሀኪሟ ሳትናገር መጀመር የለባትም። ኦራ ያላት ሴትም ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ የስትሮክ አደጋ ስለሚጨምርባት ማሳወቅ አለባት። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለማይግሬን ተብለው የተሰሩ በወር አንዴ ሚወጉ መርፌዎች መጥተዋል፣ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ።

በድንገት በሰከንዶች ውስጥ ጣራ ነክቶ ሚመጣ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ አንድ ጎን እጅ እግር ያሰነፈ ወይ ንግግር ያሳሰረ፣ ከ50 አመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆና አይኗን ብዥ እያደረገ ሚያማት ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ እዛ ላይ አይሰራም፣ ክኒን ሳይፈለግ ነገም ሳይባል ቀጥታ ሆስፒታል ነው ሚኬደው።